ዲፌንደር ብቻውን ይበቃል ወይስ አንቲቫይረስ ልግዛ?

አዲሱ_ላፕቶፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ። አንዱ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ላፕቶፕ ነው፤ 8 ጊጋ ራም እና ኤስኤስዲ አለው። ከፋብሪካ አብሮት የመጣ የሙከራ አንቲቫይረስ አለበት፤ ጊዜው ሊያልቅ ስለሆነ በየቀኑ «ካላደስክ አደጋ ላይ ነህ» የሚል መስኮት ያወጣል። ሁለተኛው ዊንዶውስ 10 ያለበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ ሳይሆን የድሮው ሃርድ ዲስክ። አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት የለውም፤ ፋይል የሚገባበት በፍላሽ ነው።

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል ወይስ የሚከፈልበት ልጫን? ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው? ለሁለቱ ኮምፒውተሮችስ መልሱ አንድ ነው? «እገሌ ምርጥ ነው» ከሚል መልስ ይልቅ ምክንያቱን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሎግ_አንባቢ፦

መልሱ አንድ አይደለም። እኔ ስለ ላፕቶፑ ልናገር፤ ስለ ዴስክቶፑ ሌሎች ይጨምሩበት።

ላፕቶፑ ላይ ዲፌንደር ይበቃል። «ዲፌንደር ለስሙ ነው እንጂ አይረባም» የሚለው ወሬ የመጣው ከቪስታ እና ከዊንዶውስ 7 ዘመን ነው፤ ያኔ የሚከላከለው ስፓይዌርን (ተደብቆ የሚሰልል ፕሮግራምን) ብቻ ነበር። ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ ከሲስተሙ ጋር መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ነው። ኤቪ-ቴስት የተባለው የጀርመን ላብራቶሪ ለመከላከል አቅም 6፣ ለፍጥነት 6፣ ለአጠቃቀም 6፣ በድምሩ 18 ነጥብ ይሰጣል፤ ዲፌንደር እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ከሚከፈልባቸው ጎን መሰለፍ ከጀመረ ቆይቷል። በነገራችን ላይ 17.5 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሁሉ «ቶፕ ፕሮዳክት» ይባላል፤ ስለዚህ ሻጩ ያንን ማኅተም ቢለጥፍ ከሌሎቹ ይበልጣል ማለት አይደለም። ውጤት የምታይ ከሆነ የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ የሚያወጣውን የሐሰት ማስጠንቀቂያ ቁጥርም ተመልከት። ጤነኛ ፋይል እየያዘ የሚያስቸግር አንቲቫይረስ መጨረሻው በባለቤቱ እጅ መዘጋት ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስም አይፈቅድም። አንቲቫይረስ ማንኛውም ፋይል ሲከፈት መሃል ገብቶ የሚያይ ድራይቨር አለው። ሁለት ከሆኑ አንዱ ለመመርመር የከፈተውን ሌላው ደግሞ ለመመርመር ይከፍታል፣ አንዱ ኳራንቲን (ለይቶ ማቆያ) ሊያስገባ የያዘውን ሌላው ይይዘዋል። ውጤቱ መንቀርፈፍ ነው፤ ሲብስም ሰማያዊ ስክሪን። ለዚህ ነው ሌላ አንቲቫይረስ ተጭኖ በሴኪዩሪቲ ሴንተር (ዊንዶውስ ጠባቂዎቹን በሚመዘግብበት ቦታ) ሲመዘገብ ዲፌንደር ራሱን ከሪል-ታይም ጥበቃ፣ ማለትም ፋይል ሲከፈት ወዲያው ከመመርመር፣ የሚያወጣው። አሁን ላፕቶፕህን የሚጠብቀው የሙከራው ፕሮግራም ነው፤ ዲፌንደር ተኝቷል።

ከምርጫዎቹ ሁሉ የከፋው ጊዜው ያለፈበትን የሙከራ ፕሮግራም እዚያው መተው ነው። በደንቡ ከሆነ የሌላው ጥበቃ ሲቋረጥ ዲፌንደር ራሱ ይነሳል። ነገር ግን ጊዜው አልፎም የተወሰነ ክፍሉን እያሠራ ተመዝግቦ የሚቆይ ፕሮግራም ስለሚኖር በግምት አትሂድ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈት፣ ከታች በግራ ያለውን ሴቲንግስ ተጫን፣ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» ውስጥ ግባ። በአንቲቫይረስ ስር የማን ስም እንዳለና የበራው የትኛው እንደሆነ እዚያ ይታያል። ሙከራውን ካጠፋህ በኋላም የምታረጋግጠው እዚሁ ነው።

ዲፌንደር ሥራ ከጀመረ በኋላ የምትነካካቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በርተው ነው የሚመጡት። በ«ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ሴቲንግ ውስጥ ሪል-ታይም፣ ክላውድ (የማይክሮሶፍትን ሰርቨር መጠየቅ)፣ የሳምፕል መላክ (አጠራጣሪ ፋይል መላክ) እና ታምፐር ፕሮቴክሽን (ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን እንዳያጠፋ የሚከለክለው) አራቱም መብራታቸውን እይ። ብዙ ሰው «ፋይሌን ወደ ማይክሮሶፍት ለምን ይልካል» ብሎ ክላውዱንና ሳምፕሉን ያጠፋል። ስጋቱ ይገባኛል፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ። ዲፌንደር አይቶት የማያውቀውን አጠራጣሪ ፋይል እስከ 10 ሰከንድ ይዞ ሰርቨሩን የሚጠይቅበት አሠራር የሚንቀሳቀሰው ሁለቱም ሲበሩ ብቻ ነው። እነሱን አጥፍቶ «ዲፌንደር አዲስ ቫይረስ አይይዝም» ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ቀጥሎ «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» ውስጥ ገብተህ የማይፈለጉ አፖችን የሚያግደው መብራቱን አረጋግጥ፤ ከነጻ ፕሮግራም ጋር ተለጥፈው የሚገቡትን ቱልባርና «የኮምፒውተር ማጽጃ» ነን ባዮች የሚይዘው እሱ ነው።

ጠፍቶ የሚመጣው ዋናው ነገር «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ነው፤ በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ) ፕሮቴክሽን ስር ታገኘዋለህ። ሲበራ ዶኪዩመንትስንና ፒክቸርስን የመሳሰሉ ፎልደሮች ውስጥ የማይታወቅ ፕሮግራም እንዳይጽፍ ያግዳል። ችግሩ ጤነኛ ፕሮግራምንም ያግዳል፤ ጌም ሴቭ አላደርግም ይላል፣ የፎቶ ማረሚያ ፋይል ማስቀመጥ ያቅተዋል፣ የሚያወጣው የስህተት መልእክት ደግሞ ከአንቲቫይረስ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። እንዲህ ሲሆን ፕሮቴክሽን ሂስትሪን ክፈትና የታገደውን ፕሮግራም ፍቀድለት። የሚሠራው ዲፌንደር ዋናው ጠባቂ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሌላ አንቲቫይረስ ካለ ይህ ነገር የለም።

ኬብል፦

ሎግ_አንባቢ ስለ ላፕቶፑ ያለውን እቀበላለሁ። ዴስክቶፑ ላይ ግን ሚዛኑ ይለወጣል፤ «ዲፌንደር ለሁሉም ይበቃል» የሚለው ነገር ሲደጋገም የሚረሳውም ይህንን ዓይነት ማሽን ነው።

የዲፌንደር ጉልበት ያለው ክላውዱ ላይ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቀረው ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ዴፊኒሽን (የታወቁ ቫይረሶች መለያ ዝርዝር) ብቻ ነው፤ የመያዝ አቅሙም በግልጽ ይወርዳል። ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ የማልዌር ፈተናውን በኦንላይንና በኦፍላይን ለይቶ ያወጣል፤ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ብታይ ልዩነቱን ታያለህ። ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ማየት ያለበት የኦፍላይኑን ዓምድ ነው። እዚያ ላይ ቢትዲፌንደርን የመሰለ ሞተር ያላቸው ምርቶች ብልጫ አላቸው።

ሁለተኛው ነገር ፍላሽ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ዊንዶውስ ላይ «ከውጭ የመጣ ነው» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ስማርትስክሪን የተባለው የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ያንን አይቶ ነው «ይህን ፕሮግራም አላውቀውም» ብሎ የሚያስቆምህ። ምልክቱ የሚቀመጠው በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ላይ ነው። ፍላሾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ናቸው፤ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስወጣ የነበረ ፕሮግራም በፍላሽ ዴስክቶፑ ጋ ሲደርስ ያለ አንዳች ጥያቄ ይከፈታል። የቀረው ጠባቂ ዴፊኒሽኑ ብቻ፤ እሱም ያረጀ።

ሦስተኛ፣ ፉል ስካን (ሙሉ ፍተሻ) ሲደረግ ዲፌንደር ፍላሽን አይጨምርም፤ እንደተጫነ ሴቲንጉ እንዲያ ነው። ፋይሉ ሲከፈት ሪል-ታይሙ ያየዋል፤ ነገር ግን ፍላሹን ከመክፈትህ በፊት «ዚስ ፒሲ» ውስጥ በቀኝ ክሊክ «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» የሚለውን ራስህ መጫን አለብህ። ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ካየህ አንዱንም አትንካ። ፋይል ኤክስፕሎረር ቪው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርግ፤ ከፎልደር ኦፕሽንስ ደግሞ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሳ። ትክክለኛዎቹ ፎልደሮች እዚያው ፍላሽ ላይ ተደብቀው ይገኛሉ። ሰነድና ፎቶውን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጥ፣ ሾርትከትና ስክሪፕት አታስከትል፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርግ።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለግክ ዲፌንደርን በእጅ አፕዴት ማድረግ ይቻላል። ማይክሮሶፍት የሴኪዩሪቲ ኢንተለጀንስ ገጹ ላይ ሙሉውን ዴፊኒሽን እንደ አንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ለ32 ቢት፣ ለ64 ቢትና ለአርም የተለያየ ስለሆነ የዴስክቶፑን አስቀድመህ ከሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ላይ እይ። በላፕቶፑ አውርደህ በፍላሽ ውሰደውና ደብል ክሊክ አድርግ። ምንም መስኮት አይወጣም፤ ሰው «አልሠራም» ብሎ ደጋግሞ የሚጫነው ለዚህ ነው። ትንሽ ጠብቅና «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ላይ ቀኑ መቀየሩን አረጋግጥ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ካላደረግከው ግን ትርጉም የለውም።

አዲሱ_ላፕቶፕ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ኬብል፣ ዴስክቶፑ ላይ ዲፌንደር ዲስኩን 100 በመቶ እየያዘ ኮምፒውተሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይታዘዝም። ቀለል ያለ የሚባል አንቲቫይረስ ብቀይርበት ይሻላል? ደግሞ የላፕቶፑን ሙከራ ሳጠፋ የምጠነቀቀው ነገር አለ?

ጥገና_ክፍል፦

መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የዲፌንደር መሆኑን እናረጋግጥ። ታስክ ማናጀር ክፈት፣ «ዲስክ» የሚለውን አምድ ተጫን፣ ከላይ የሚመጣውን አንብብ። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤግዚኪዩተብል» ከሆነ ዲፌንደር ነው። የፍለጋ ኢንዴክሰር፣ ሲስሜይን ወይም ዊንዶውስ አፕዴት ከሆነ ግን አንቲቫይረስ ብትቀይር አንድ ነገር አይሻሻልም። ዲፌንደር ከሆነም ሪሶርስ ሞኒተር ውስጥ ዲስክ የሚለውን ከፍተህ የትኛውን ፋይል እያነበበ እንደሆነ እይ። ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ የዚፕ ክምችት ወይም የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ነው።

በተቀጠረለት ሰዓት በሚጀመረው ስካን ላይ ዲፌንደር ፕሮሰሰሩን በአማካይ ከ50 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ተደርጎ ይመጣል፤ ለዲስክ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ሲያነብ ይሞታል፤ ያኔ ማንኛውም አንቲቫይረስ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። ለዓመት ክፍያ የምታወጣው ገንዘብ ካለ በእሱ ትንሽ ኤስኤስዲ ግዛ። 4 ጊጋ ራም ላይ ደግሞ ፋየርዎል፣ ቪፒኤን፣ «ማፋጠኛ» እና ፓስዎርድ መያዣ የተሰባሰበበትን ሙሉ ጥቅል መጫን ጭነት መጨመር ነው።

ኤስኤስዲ እስኪመጣ ድረስ ሰዓቱን አስተካክል። ታስክ ስኬጁለር ክፈት፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር በሚለው መንገድ ሄደህ «ዊንዶውስ ዲፌንደር ስኬጁልድ ስካን» የሚለውን አግኝ። ፕሮፐርቲስ፣ ትሪገርስ፣ ኒው ብለህ ኮምፒውተሩ በርቶ ማንም የማይጠቀምበትን ሰዓት ስጠው። ሪል-ታይሙ ከበራ ኩዊክ ስካን (ፈጣን ፍተሻ) ይበቃል፤ ፉል ስካን የምታዘው ቫይረስ ሲገኝ ወይም ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ ያለ ጥበቃ ሲቆይ ነው፣ በሃርድ ዲስክ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። ኤክስክሉዥን (ዲፌንደር እንዳይመረምረው የሚታለፍ ፋይል) ማስገባት ካስፈለገ ያንን አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ አስገባ። ዳውንሎድስን፣ ዴስክቶፕን፣ ቴምፕን፣ አፕዳታን ወይም ሙሉውን ሲ ድራይቭ ኤክስክሉድ ማድረግ በሩን ከፍቶ ዘበኛ መቅጠር ነው፤ ማልዌር መጀመሪያ የሚያርፈው እነዚሁ ጋ ነው።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ከማጥፋትህ በፊት ሦስት ነገር ጨርስ። የካርድ ቁጥር ሰጥተህ ከሆነ አውቶማቲክ እድሳቱን ከአካውንቱ ላይ ሰርዝ፤ ፕሮግራሙን ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፣ የሁለተኛው ዓመት ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በፓስዎርድ መያዣው ተጠቅመህ ከሆነ ኤክስፖርት አድርገህ አውጣ። የተቆለፈ ካዝና ዓይነት ፎልደር ካለው ደግሞ ፋይሎቹን ወደ ተራ ፎልደር መልስ፤ ፕሮግራሙ ከሄደ በኋላ እነዚያን መክፈት ጣጣ ነው።

ከዚያ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ፣ አንኢንስቶል። ሪስታርት። ቀጥሎ የአምራቹን ማጽጃ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርደህ አሂድ፤ ማካፊ፣ ኖርተን፣ አቫስት፣ ካስፐርስኪ፣ ኢሴት ሁሉም የየራሳቸው አላቸው። የኢሴቱ በሴፍ ሞድ ነው የሚሠራው። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጣውን «ማንኛውንም አንቲቫይረስ የሚያጠፋ» ፕሮግራም ተወው።

በዚህ ጊዜ የሚበላሸው የተለመደው ነገር ኢንተርኔት ነው። የአንቲቫይረሱ የኔትወርክ ማጣሪያ ግማሹ ቀርቶ ዋይፋይ ተገናኝቷል እያለ ገጽ አይከፈትም። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ አድቫንስድ፣ «ኔትወርክ ሪሴት» ያስተካክለዋል። የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስዎርዶችን ስለሚያጠፋ አስቀድመህ ጻፋቸው። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ማጽጃውን ማውረድ ስለማትችልም ፋይሉን ከመጀመሪያው በፍላሽ ያዝ።

ዜሮ_አንድ፦

ለመክፈል የሚያበቃ ምክንያት የለም እያላችሁ እንዳይመስል ልጨምር። አለ፤ ግን ማስታወቂያው የሚለው አይደለም። ኬብል ያለው የኦፍላይን ጉዳይ አንዱ ነው። ሌላው የብዙ ሰው ኮምፒውተር ከአንድ ገጽ መከታተል ነው፤ ራቅ ብለው የሚኖሩ ወላጆች ላፕቶፕ ላይ ቫይረስ ሲገኝ ለአንተ መልእክት እንዲደርስ ከፈለግክ ይህን በደንብ የሚያደርጉ የሚከፈልባቸው አሉ። ሦስተኛው ብራውዘር ነው፤ ስማርትስክሪን የማጭበርበሪያ ገጾችን ራሳቸውን የሚያግደው ኤጅ ላይ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ የጉግልን ሴፍ ብራውዚንግ ስለሚጠቀሙ ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ስለዚህ ይህ ምክንያት ደካማው ነው።

ስትከፍል ግን ለማን እንደምትከፍል እወቅ። አንቲቫይረስ በኮምፒውተሩ ላይ ከፍተኛውን ሥልጣን ይዞ የምታየውን ሁሉ የሚያይ ፕሮግራም ነው። ኖርተን፣ አቫስት፣ ኤቪጂ እና አቪራ ዛሬ ሁሉም የጄን ዲጂታል ንብረት ናቸው፤ አራቱን እያወዳደሩ መጨነቅ አንድን ባለቤት ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አቫስትን የተጠቃሚዎቹን የብራውዘር መረጃ ጃምፕሾት በተባለው ቅርንጫፉ በኩል ሸጧል ብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ካስፐርስኪ በፈተናዎች ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ነው፤ ሆኖም አሜሪካ በሰኔ 2024 ሽያጩን በብሔራዊ ደኅንነት ምክንያት አገደች፣ እዚያ ላሉ ደንበኞችም ከመስከረም 29 ቀን 2024 በኋላ አፕዴት ቆመ። እዚህም ከታችም የምጠቅሳቸው ወሮች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ከቴክኒኩ ጥራት ውጭ የሆነ ነገር አፕዴቱን በአንድ ጀንበር ሊያቋርጠው ይችላል ለማለት ነው።

ሁለት ተጨማሪ ማሳያዎች። የጉግል ቀዳዳ ፈላጊ ቡድን የፕሮጀክት ዜሮው ታቪስ ኦርማንዲ እ.ኤ.አ. በ2016 የሲማንቴክና የኖርተን ሞተር ውስጥ፣ በ2017 ደግሞ በራሱ በማይክሮሶፍት ሞተር ውስጥ ፋይሉ ሲመረመር ብቻ ኮምፒውተሩን አሳልፎ የሚሰጥ ቀዳዳ አግኝቷል። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ በተባለው የደኅንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ አፕዴት ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆመዋል። ያ የድርጅቶች ምርት ነው፤ ነገር ግን ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ጠባቂ ተመሳሳይ ሥልጣን አለው። ዲፌንደር ከዚህ ነጻ ባይሆንም ሲስተሙ ውስጥ ቀድሞ ካለው አምራች ሌላ ሁለተኛ አምራች አይጨምርም።

ሌላ አንቲቫይረስ ከጫንክ የኤችቲቲፒኤስ ስካን የሚለውን አማራጭ ተመልከት። የራሱን ሰርተፍኬት ሲስተሙ ላይ አስገብቶ የተመሰጠረውን ግንኙነት መሃል ላይ ይከፍታል። ባንክህን ስትከፍት የመቆለፊያው ምልክት ስር የአንቲቫይረሱ ስም ከታየህ ይሄው ነው። ፕሮግራሙ በትክክል ካልጠፋ ደግሞ «ሰርተፍኬቱ አይታወቅም» የሚል ስህተት ብራውዘሩን ሁሉ ያስጨንቃል። ይህን ማጥፋት ፋይል ላይ ያለውን ጥበቃ አይነካም።

ስለ ዊንዶውስ 10ም ማንም አላነሳም። መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለቤት ተጠቃሚ የተራዘመው የደኅንነት አፕዴት ተመዝግቦ ለወሰደ እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2026 ነው፣ የዲፌንደር ዴፊኒሽን ግን እስከ ጥቅምት 2028 ይቀጥላል ተብሏል። ሰዎች የመጨረሻውን ይዘው ይረጋጋሉ። አንቲቫይረስ ቫይረሱን እንጂ የሲስተሙን ቀዳዳ አይደፍንም። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2017 ሲዛመት ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከመጋቢት ጀምሮ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። የዴስክቶፑ ፕሮሰሰር እና ቲፒኤም (የደኅንነት ቺፕ) ለዊንዶውስ 11 የማይበቁ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ሳይነካው ይቆይ ወይም ሊኑክስ ይጫንበት። የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ለዚህ መድኃኒት አይደለም።

ፓች_ማክሰኞ፦

በአጭሩ ልግባ። አሁን የቤት ኮምፒውተር ላይ በብዛት የሚገባው ፋይል የሚያበላሽ ቫይረስ ሳይሆን መረጃ ሰራቂ ነው። ሉማ የተባለውን ብቻ ብንወስድ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 መረቡን ሲበጥስ በሁለት ወር ውስጥ ከ394,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እንደተያዙ ገልጿል። የሚገባባቸው ሁለቱ ዋና መንገዶች ደግሞ የአንቲቫይረስ ምርጫን ዋጋ የሚያሳጡ ናቸው። አንደኛው ክራክና አክቲቬተር (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚከፍት) ነው፤ ከፋይሉ ጋር ያለው መመሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን ዝጋ» ይላል፣ ባለቤቱም ይዘጋል። ሁለተኛው የሐሰት ካፕቻ («ሮቦት አይደለሁም» የሚለው ማረጋገጫ) ነው፤ «ሰው መሆንህን ለማረጋገጥ» ዊንዶውስ እና አር ተጫን፣ ለጥፍ፣ ኢንተር በል ይልሃል። አንድም ገጽ ይህን ለማረጋገጫ አይጠይቅም።

ከገባ በኋላ ስካን አድርጎ ማጽዳት አይበቃም። የብራውዘሩን ኩኪ (ገብተህ እንዳለህ የሚያሳየውን መለያ) ወስዶ ስለሆነ ሌባው ፓስዎርድም የኤስኤምኤስ ኮድም ሳይጠየቅ ይገባል። ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ፣ ከኢሜይል ጀምረህ፣ «ከሁሉም መሣሪያ አስወጣ» የሚለውን ተጫንና ፓስዎርድ ቀይር፤ በተያዘው ኮምፒውተር ላይ መቀየር አዲሱንም ለሌባው መስጠት ነው።

ለዕለት ሥራ ደግሞ የአድሚኒስትሬተር ሳይሆን የስታንዳርድ አካውንት ተጠቀሙ። ነጻ ነው፣ ራም አይበላም።

ማክ_ተጠቃሚ፦

ጥያቄውን ላቋርጥ፤ ማክ ላይስ?

ሎግ_አንባቢ፦

ሐሳቡ አንድ ነው። ኤክስፕሮቴክት የተባለው የአፕል ጠባቂ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ፤ ጌትኪፐር ደግሞ ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይከፈት ያግዳል። ሴቲንግ ውስጥ የሲስተም ፋይልና የደኅንነት አፕዴት በራሱ እንዲጫን መብራቱን ብቻ አረጋግጥ። ማክ ላይ የሚጎዳው «ይህን ተርሚናል ውስጥ ለጥፍ» የሚል መመሪያ ነው፤ ጌትኪፐር እዚያ ላይ አይደርስም።

አዲሱ_ላፕቶፕ፦

የላፕቶፑን ሙከራ በተባለው ቅደም ተከተል አጠፋሁት፣ ማጽጃውንም አሄድኩ፣ ኢንተርኔቱም ሰላም ነው። አሁን ግን ሪል-ታይሙን ላበራ ስል «ይህ ሴቲንግ በአድሚኒስትሬተርህ ነው የሚተዳደረው» ይላል፤ አድሚኒስትሬተሩ እኔ ነኝ! ደግሞ ነጻውን ማልዌርባይትስ ለተጨማሪ ስካን ብይዘው ይጋጫል?

ጥገና_ክፍል፦

ከኋለኛው ልጀምር፤ አይጋጭም፣ ግን አንድ ነገር አስተካክል። ሲጫን የ14 ቀን የፕሪሚየም ሙከራ ሊጀምር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ራሱን በሴኪዩሪቲ ሴንተር አስመዝግቦ ዲፌንደርን ያስተኛዋል። ሴቲንጉ ውስጥ ሁልጊዜ በሴኪዩሪቲ ሴንተር ይመዝገብ የሚለውን አጥፋ፣ ሙከራውንም ሰርዝ፤ ያኔ ሲታዘዝ ብቻ የሚሠራ ስካነር ሆኖ ይቀራል። ምንም መጫን ካልፈለግክ የማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነር አለ፤ ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ስለማይሠራ በፈለግከው ጊዜ አዲስ ታወርዳለህ።

የ«አድሚኒስትሬተር» መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞው ፕሮግራም ወይም ከአንድ «ማፋጠኛ» የተረፈ ፖሊሲ (በሬጅስትሪ፣ የዊንዶውስ ሴቲንጎች መዝገብ፣ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ) ነው። ሬጅስትሪ ኤዲተር ክፈት፣ በሎካል ማሽን ስር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር የሚለው ፎልደር ላይ ድረስ። መጀመሪያ በቀኝ ክሊክ ኤክስፖርት አድርገህ ቅጂ ያዝ። ከዚያ እዚያና በውስጡ ባለው የሪል-ታይም ፕሮቴክሽን ንዑስ ፎልደር ውስጥ ስማቸው «ዲሴብል» ብሎ የሚጀምሩትን አጥፋ። ሪስታርት አድርገህ እንደገና ሞክር።

ካጠፋሃቸው በኋላ ተመልሰው ከተጻፉ የሚጽፋቸው በሕይወት አለ ማለት ነው። ያኔ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተህ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን አስጀምር። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ብሎ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት 15 ደቂቃ ገደማ ይመረምራል፤ ተደብቆ የሚሠራ ነገር ያን ጊዜ አይነሳም። የተከፈተ ሥራ አስቀምጥ፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰካ፤ ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ የሪከቨሪ ቁልፉን አስቀድመህ ከማይክሮሶፍት አካውንትህ ላይ ወረቀት ላይ ገልብጥ። ውጤቱ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ላይ ይታያል።

አዲሱ_ላፕቶፕ፦

ሬጅስትሪው ላይ ሁለት «ዲሴብል» ነበሩ፤ ካጠፋኋቸው በኋላ ሪል-ታይሙ በርቷል፣ ከሪስታርት በኋላም አልተመለሱም። በእርግጥ እየሠራ መሆኑን የምፈትንበት መንገድ አለ?

ኬብል፦

አይካር የሚባለውን የመሞከሪያ ፋይል ከራሱ ከአይካር ድረ ገጽ አውርድ። 68 ፊደልና ምልክት ያለው ጽሑፍ ነው፤ ምንም አይጎዳም፣ አንቲቫይረሶች ሁሉ ግን ሆን ብለው እንደ ቫይረስ ይይዙታል። ብራውዘሩ ራሱ ካስቆመው ዲፌንደርን አልፈተንክም፤ ጽሑፉን ኖትፓድ ላይ ለጥፈህ ሴቭ አድርገው። ወዲያው ካልተያዘ የኤክስክሉዥን ዝርዝሩን እይ፤ ያ «ማፋጠኛ» ዴስክቶፕህን ወይም ሙሉውን ሲ ድራይቭ እዚያ አስገብቶት ሊሆን ይችላል።